«የድንግዝግዝ ሰዎች» ወይስ «የወጋገን ሰዎች»?

ነጭ ብራና፦
ሰላም ለሁላችሁ። «የቀለበቶቹ ጌታ»ን ከጻፈው ከእንግሊዛዊው ደራሲ ከቶልኪን ዓለም አንድ ምዕራፍ ለራሴ ወደ አማርኛ እየመለስኩ ነው። አንድ ቃል ላይ ቆምኩ። በዚያ ዓለም የጎንዶር መንግሥት ሊቃውንት የሰውን ልጅ በሦስት ይከፍሉታል። ላይኞቹ ራሳቸው ናቸው፤ የምዕራብ ሰዎች። ታችኞቹ የጨለማ ሰዎች ይባላሉ። መካከል ላይ እንደ ሮሃን ፈረሰኞች ያሉት ይመጣሉ። የነዚህ የመካከለኞቹ ስም የተወሰደው ብርሃንና ጨለማ ከሚቀላቀሉበት ሰዓት ነው። የእንግሊዝኛው ቃል ለንጋትም ለምሽትም ይሠራል። አማርኛ ግን አንዱን ምረጪ ይለኛል። «ድንግዝግዝ» ስል እየመሸ ነው። «ወጋገን» ስል እየነጋ ነው። ለጊዜው እንዲህ ጽፌዋለሁ፦ «ሕዝበ ምዕራብ፣ ሕዝበ ድንግዝግዝ፣ ሕዝበ ጨለማ ብለን እንለያቸዋለን።» የቱን ልያዝ?

ሰያፍ ንባብ፦
ጥያቄሽ ጥሩ ነው። ከሱ በፊት ግን «ሕዝበ ጨለማ»ን አስተካክይው። በግዕዝ ካናበብሽ ሁለቱንም ቃል ከግዕዝ ነው መውሰድ። ወይ «ሕዝበ ጽልመት» በይ፣ ወይ «የጨለማ ሕዝብ»። ግማሽ ግማሹ ጆሮ ይቆረቁራል። ደግሞ እዚህ ቦታ የሚገባው «ሕዝብ» ሳይሆን «አሕዛብ» ነው። የጎንዶር ሰው የሚናገረው ራሱን ከላይ አስቀምጦ ነው። ያ ከፍታ በቃሉ ውስጥ ይሰማ።

ቀይ ቀለም፦
«አሕዛብ» የ«ሕዝብ» ብዙ ነው እኮ። ከፍታው የቱ ጋ ነው የሚሰማው?

ሰያፍ ንባብ፦
በሰዋስው ብዙ ነው። በአጠቃቀም ግን ተለይቶ ሄዷል። አንድ ሰው ሌላውን «አሕዛብ!» ብሎ ሲቆጣው ቁጥር እየነገረው አይደለም። ያላመነ፣ ያልሰማ፣ ሥርዓት ያልያዘ ማለቱ ነው። እንዲያውም «አሕዛቦች» ሲባል እንሰማለን። ብዙነቱ ተረስቶ ሌላ ቃል ሆኗል ማለት ነው።

ቀይ ቀለም፦
«መላእክቶች»ም ሲባል እንሰማለን። መላእክት ትርጉማቸው ተለወጠ?

ግስ አውራጅ፦
ልጆቼ፣ ረጋ በሉ። ዳዊት የደገመ ሰው በዚህ አይጣላም። መዝሙር 2 «ለምንት አንገለጉ አሕዛብ፤ ወሕዝብኒ ነበቡ ከንቶ» ብሎ ይጀምራል። እዚህ አሕዛብም ሕዝብም እኩል ተወቅሰዋል። መዝሙር 116 ደግሞ «ሰብሕዎ ለእግዚአብሔር ኵልክሙ አሕዛብ» ይላል። እዚያ የተጠሩት ለምስጋና ነው። ለምስጋና የተጠራን ወገን በስድብ ስም አይጠሩትም። ቃሉ ለሁለቱም ይሆናል። ንቀቱን የሚጨምርበት ተናጋሪው ነው።

ሰያፍ ንባብ፦
የኔታ፣ ይቅርታዎን እየጠየቅሁ፣ እኛ እዚህ የምንመልሰው የተናጋሪውን ንግግር ነው። ተናጋሪው ደግሞ ጎንዶሬ ነው። «የጨለማ ሰዎች» የተባሉት በመጀመሪያ ክፉ ስለሠሩ አይደለም። ወደ ምዕራብ ስላልተጓዙ ነው። የማይሞቱና ጥበበኞች ከሆኑት ፍጡራን፣ ከኤልፎች ጋር አልተገናኙም፣ የእነሱን ትምህርት አልሰሙም። በእኛ የቤተ ክርስቲያን አነጋገር ትምህርቱ ያልደረሰው ወገን ማን ነው የሚባለው? አሕዛብ አይደለም? ከዚህ የተሻለ የሚገጥም ቃል ከየት ይመጣል?

ግስ አውራጅ፦
ይገጥማል፣ አልካድኩም። ሲገጥም ግን የማይፈለግ ነገርም ይዞ ይመጣል። «አሕዛብ» ያለ ጣዖት አይሰማም። አንባቢሽ ወዲያው የሚሠዋ ሰው ይታየዋል። ደራሲው ስለነዚያ ሰዎች አምልኮ ያን ያህል አልነገረንም። ያልነገረንን በቃል ምርጫ አንጨምርበት።

ሰም ፈላጊ፦
ሁላችሁም አልፋችሁት የሄዳችሁት ቃል አለ። ነገድ! ሥሩን እዩት። «ነገደ» በግዕዝ መጓዝም ነው፣ መነገድም ነው። ነጋዴ ከዚያ ነው። እንግዳም ከዚያ ነው። ስለዚህ ነገድ ማለት አብሮ የተጓዘ ሕዝብ ነው። አሁን ወደዚያ ዓለም ተመለሱ። የመጀመሪያዎቹ የሰው ወገኖች ሦስት ቤቶች ነበሩ፤ የቤዮር፣ የሃሌትና የማራክ። ሦስቱም ከምሥራቅ ተነሥተው ተራራውን ተሻግረው በየተራ ወደ ምዕራብ ገቡ። ሌሎቹ ወደ ኋላ ቀሩ። ልዩነቱ በሙሉ የመጣው ከጉዞ ነው። ነገድ ለእነሱ ልክ የተሰፋ ቃል ነው።

ቀይ ቀለም፦
ሐሳቡ ደስ ይላል። ግን ነገድ ደም ይጠይቃል። 12ቱ ነገደ እስራኤል ከያዕቆብ የወጡ ናቸው። «የጨለማ ሰዎች» በሚለው ስም ሥር የታጨቁት ግን እርስ በርስ እንኳ አይተዋወቁም። የደቡቡ ሃራድሪም አለ፣ የምሥራቁ አለ፣ የኻንዱ አለ። ቋንቋቸው ሌላ ሌላ ነው። አንድ ነገድ የሚያደርጋቸው ምን አባት አላቸው?

ግስ አውራጅ፦
እዚህ ላይ ደግሞ ሰም ፈላጊን በግማሽ አግዘዋለሁ። ነገድ ሁልጊዜ ደም አይጠይቅም። መላእክት አይወልዱም፣ አይወለዱም። ሆኖም በመቶ ነገድ በዐሥር ከተማ ነው የምንቆጥራቸው። እዚያ ነገድ ማለት ሥርዓትና ማዕርግ ነው። ጎንዶሮችም የሚያደርጉት ይህንኑ ነው፤ ሰውን በማዕርግ ይደረድራሉ። ስለዚህ «ሦስቱ ነገደ ሰብእ» ቢባል አያስነውርም። የጉዞውን ነገር ግን አልቀበልም። እንግዳ ከ«ነገደ» መምጣቱ ልክ ነው። ነገድን ግን በድምፅ መመሳሰል ብቻ እዚያ አትጨምረው። ሁለት ሥር በአንድ ድምፅ ሊገናኙ ይችላሉ። ግስ ስናወርድ በመጀመሪያ የምንማረው ይህን ነው።

ሰም ፈላጊ፦
እሺ የኔታ። አንድ ነገር ግን ልጨምር። ጎንዶርና ጎንደርስ? ይህም የድምፅ መመሳሰል ብቻ ነው?

ቀይ ቀለም፦
ብቻ ነው! በኤልፎቹ ቋንቋ ጎንድ ድንጋይ ነው፣ ዶር ምድር ነው። ጎንዶር የድንጋይ ምድር ማለት ነው። ሞርዶርን ተመልከት፤ ጥቁር ምድር። ያው ዶር ነው። ቃሉ በራሱ ቋንቋ ተሰንጥቆ ከተፈታ ሌላ ዘመድ አይፈለግለትም።

ነጭ ብራና፦
ብዙ እየተማርኩ ነው፣ አመሰግናለሁ። «ሕዝበ ጨለማ» ተሰርዟል። ድንግዝግዝና ወጋገን ላይ ግን እስካሁን ምንም አልተባለም።

ቀይ ቀለም፦
እኔ የማስበውን ልንገርሽ። ይህን ክፍፍል የሚናገረው የጎንዶሩ ፋራሚር ነው። ከክፍፍሉ ቀጥሎ ያለውን አስታውሺ። ሮሃኖች ከእኛ ጋር ኖረው እኛን እየመሰሉ ሄዱ፣ እኛ ደግሞ እነሱን እየመሰልን ወረድን የሚል ነገር ይናገራል። የአባቶቻቸው ደሴት ኑሜኖር ከሰጠመች ወዲህ ጎንዶር በዕውቀትም በዕድሜም እየቀነሰች ነው። አንዱ እየወጣ፣ ሌላው እየወረደ፣ መካከል ላይ ተገናኙ። ስለዚህ ሰዓቱ ለሮሃን ወጋገን ነው፣ ለጎንዶር ድንግዝግዝ ነው። አንዱን ቃል ብቻ ካስቀመጥሽ ግማሹን ታሪክ ታጠፊዋለሽ።

ሰያፍ ንባብ፦
ይህ ከሆነ ነግህና ሰርክም አሉ። ጸሎተ ነግህ፣ ጸሎተ ሰርክ። ግን እነሱም ያው ይለያያሉ።

ግስ አውራጅ፦
የሰዓቱን ነገር አስቡበት። እኔ የሕዝቡን ልጨርስ። ሕዝብም፣ አሕዛብም፣ ነገድም ከሚያከራክሩን በጣም ቀላል መንገድ አለ። ሰብአ በሉ። ሰብአ ሰገል እንላለን፣ ሰብአ ነነዌ እንላለን። ሰዎች ማለት ብቻ ነው። ወቀሳ የለበትም፣ ደም አይቆጥርም። ሰብአ ምዕራብ፣ ሰብአ ጽልመት። አለቀ።

ቀይ ቀለም፦
የኔታ፣ ይህ እጅግ ያምራል። በኤልፎቹ ቋንቋ ሃራድ ደቡብ ነው። ሪም ደግሞ ብዙ ሕዝብ፣ ጭፍራ ማለት ነው። ሃራድሪምን «ሰብአ አዜብ» ብንላቸውስ? ንግሥተ አዜብን የሚያውቅ አንባቢ ሁሉ ደቡቡን ይሰማል። ቀይ ልብስና ወርቅ የለበሰ፣ ዝሆን የሚነዳ ሠራዊት ሲመጣ «ሰብአ አዜብ» ቢባል ግርማ አለው።

ግስ አውራጅ፦
ተቀብያለሁ። የሮሃን ፈረሰኞች የሚጠሩበትን ሮሂሪምንም በዚያው እንፍታው። ሮክ ፈረስ ነው፣ ሂር ጌታ ነው ብላችሁኛል። የፈረስ ጌቶች። «አጋእዝተ አፍራስ» ይባሉ።

ሰያፍ ንባብ፦
ስሙ ያምራል፣ ግን ባለቤቶቹ አይቀበሉትም። ሮሂሪም ጎንዶሮች በኤልፍ ቋንቋ ያወጡላቸው ስም ነው። ራሳቸውን የሚጠሩት ኤዎርሊንጋስ ብለው ነው፤ የመጀመሪያ ንጉሣቸው የኤዎርል ልጆች። ሌላው ሲጠራቸው «አጋእዝተ አፍራስ» ቢባል እሺ። ራሳቸው በጦር ሜዳ ሲጮኹ ግን «ደቂቀ ኤዎርል!» ይበሉ። ስም ማን እንዳወጣው መለየት አለበት። በዚያ ዓለም ሰዎች ላይ ከሚፈጸሙት ስሕተቶች ሁሉ የሚያበሳጨኝ ይህ ነው። የአንዱን ሕዝብ ስም ከጎረቤቱ አፍ ብቻ እየወሰድን እንጽፋለን።

ሰም ፈላጊ፦
ቆይ፣ ለምን ነው ግዕዙን ለሁሉም የምታድሉት? ደራሲው ራሱ ቋንቋዎቹን በዝምድናቸው ነው ያስቀመጠው። እ.ኤ.አ. በ1955 በወጣው የ«ቀለበቶቹ ጌታ» ተቀጥላ በግልጽ ነግሮናል። መጽሐፉን እንደ ትርጉም ነው ያቀረበው። በዚያ ዓለም ሕዝቦች የሚግባቡበትን የጋራውን ቋንቋ በዘመኑ እንግሊዝኛ ተረጎመ። የሮሃንን በጥንታዊ እንግሊዝኛ ተረጎመ። የዴል ሰዎችን ስም ከጥንታዊው የሰሜን ቋንቋ ወሰደ። ስሞችንም ተርጉሟል። ከታሪኩ ሰዎች አንዱ፣ ሜሪ ብለን የምናውቀው በገዛ ቋንቋው ካሊ ነው፤ ትርጉሙ ደስተኛ ነው። አማርኛ ተርጓሚ «ደስታ» ብሎ ሊጠራው መብት አለው። ስለዚህ የጋራው ቋንቋ አማርኛ ከሆነ የሮሃን ቋንቋ ግዕዝ ነው። ሌላው ሁሉ ግዕዙን ይመልስ።

ቀይ ቀለም፦
አይሆንም። ጥንታዊ እንግሊዝኛ ለዛሬው እንግሊዝኛ አያቱ ነው። ግዕዝ ለአማርኛ አያቱም እናቱም አይደለም። አክስቱ ነው። ግዕዝ ከትግርኛና ከትግረ ጋር በሰሜኑ ወገን ነው የሚመደበው። አማርኛ በደቡቡ ወገን ነው።

ግስ አውራጅ፦
አክስት ናት የምትሉኝ እናንተ ናችሁ። ያሳደገችው ግን እሷ ናት። ፊደሉን የሰጠችው እሷ፣ ቅኔውን የሰጠችው እሷ። እናት ያልተባለች አሳዳጊ ምን ትባል?

ቀይ ቀለም፦
ክብሯን አልነካሁም የኔታ። የተነሣው የዝምድና ጉዳይ ነው። ደራሲው ከ1925 እስከ 1945 በኦክስፎርድ የጥንታዊ እንግሊዝኛ ፕሮፌሰር ነበር። በዝምድና ጉዳይ የዋዛ ሰው አይደለም። ግዕዝን የሚመስል ቋንቋ በዚያ ዓለም የለም አላልኩም። አለ። ማንም በቤቱ የማይናገረው፣ ለሥርዓትና ለዜማ የቀረው ክዌንያ የተባለው የኤልፎቹ ቋንቋ ነው። ደራሲው ራሱ ከላቲን ጋር ያመሳስለዋል። ግዕዝ እዚያ ይግባ። ለሮሃን የሚገባው የጥንት አማርኛ ነው። ለዐፄ ዓምደ ጽዮን የተገጠሙትን የ14ኛው መቶ ዘመን ዘፈኖች ያየ ሰው ያውቀዋል። አማርኛ ነው፣ ግን ቆም ብለህ ካላነበብከው አይገባህም። ደግሞ የጦረኛ ቋንቋ ነው። ንጉሥንና ጦርን ያወድሳል። የሮሃን ግጥም ሌላ ምን ያደርጋል?

ሰም ፈላጊ፦
ይህን አላሰብኩትም ነበር። ግሩም ነው። እኔም አንድ ላክልበት። የኑሜኖር ሰዎች ቋንቋ አዱናይክ ሥረ ቃሉ በብዛት በሦስት ተነባቢ የቆመ ነው፣ ልክ እንደኛ ግስ። የጋራው ቋንቋ የወጣው ከአዱናይክ ነው። እንግዲህ አስቡት። በዚያ ዓለም የሰው ልጅ መገናኛ የሆነው ቋንቋ በአሠራሩ ከእንግሊዝኛ ይልቅ ለእኛ ይቀርባል። ወደ አማርኛ የሚመልሰው ሰው ወደ ምንጩ እየተጠጋ ነው።

ሰያፍ ንባብ፦
ለአዱናይክ እውነት ነው። ወደ ጋራው ቋንቋ ሲወርድ ያ አሠራር ምን ያህል እንደተረፈ ግን የተጻፈልን ጥቂት ነው። ከጥቂት ቃል ግስ አይወርድም። ይልቅ የሮሃንን ንጉሥ እንፍታው። ቴዮደን። በጥንታዊ እንግሊዝኛ «ቴዮድ» ሕዝብ ነው፣ «ቴዮደን» የሕዝቡ ጌታ ነው። እኛ ጋ ተመሳሳይ አሠራር አለ፤ እግዚእ እና ብሔር።

ግስ አውራጅ፦
እሱን አትንካው! ብሔር በግዕዝ ምድርም ዓለምም ነው። ተናብቦ የወጣው ስም የፈጣሪ ስም ነው። ለፍጡር ንጉሥ፣ ያውም ለልብ ወለድ ንጉሥ፣ በዚያ አሠራር ስም አይወጣም። በሕዝብ ላይ የተሾመ ከፈለጋችሁ «መስፍን» አለላችሁ።

ሰያፍ ንባብ፦
መስፍን ከንጉሥ ያንሳል።

ግስ አውራጅ፦
በመጽሐፈ መሳፍንት ዘመን ንጉሥ አልነበረም። ከማን ያንሳል?

ሰያፍ ንባብ፦
ሮሃን ውስጥ ግን ንጉሥ አለ፣ የኔታ። ዙፋኑ ባዶ የሆነው ጎንዶር ውስጥ ነው። እዚያ የሚገዛው ንጉሡ እስኪመለስ አገር የሚጠብቅ ሹም ነው። «መስፍን»ን ለእሱ ያቆዩልኝ።