የጅማ እርሻ ልጆች፣ የሞቱብንን ተማሪዎችና ሠራተኞች ስም እንዴት እንሰብስብ?

የጅረን ልጅ
ሰላም ለሁላችሁ የጅማ እርሻ ትምህርት ቤት ልጆች፣ ቀድማችሁን የወጣችሁ ጋሼዎቻችንም። ምክር ፈልጌ ነው። ጅማ ላይ ለመገናኘት እየተነጋገርን እንደሆነ ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ፣ እኔ እዚሁ ጅማ ስለምኖር በህይወት የሌሉትን ስም የማሰባሰቡ ሥራ ለኔ ተሰጠኝ። የተማሪዎቹ ብዙም አያስጨንቅም፣ ከየባቹ አንድ ሁለት ሰው ከተገኘ ስሙ ይመጣል። የጨነቀኝ የሠራተኞቹ ነው። አዳሪ ትምህርት ቤት እኮ ነው፣ ያሳደገን አስተማሪ ብቻ አይደለም። በልጅነታችን ከየክፍለ ሀገሩ መጥተን ስንታመም አጥሚቱን በጣሳ ይዛ፣ በነጠላዋ ጫፍ ሸፍና ዶርም ድረስ የምትመጣልን የወጥ ቤቷ እናታችን፣ ማታ ማታ በባትሪ እየዞረ ማን ገባ ማን ቀረ የሚለው ዘበኛ፣ ላም ማለብ ያስተማረን የወተት ክፍሉ ሰውዬ። እነዚህን ሁላችንም «አዴ» «ኦቦ» «ጋሼ» እያልን ነው የምናውቃቸው፣ የአባታቸውን ስም የሚነግረኝ ሰው አላገኘሁም። ትምህርት ቤቱ ደሞ ኮሌጅ ሆነ፣ በ1992 ዓ.ም. ከጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩቱ ጋር ተቀላቅሎ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሆነ፣ ስለዚህ የድሮ ሠራተኛ ፋይል የት ነው ብሎ መጠየቅ ራሱ አንድ ሥራ ነው። እነሱን ትቶ የአስተማሪና የተማሪ ብቻ ማንበብ ለኔ አይዋጥልኝም። እንዴት ላድርግ? በምን የሞተ የሚለውስ ይጻፍ? ስም ያላችሁ እዚሁ ትጽፉታላችሁ ወይስ በውስጥ ትልኩልኛላችሁ?

አጋሮ በር
ወንድሜ እግዚአብሔር ይስጥህ፣ በተለይ የወጥ ቤቶቹን ስላነሳህ። ዩኒቨርሲቲው ጋ ከመሄድህ በፊት እድር ጋ ሂድ። እነዚያ ሰዎች አብዛኞቹ እድርተኛ ናቸው፣ እድር ደሞ መዝገብ አለው፣ አባል ሲሞት ለቤተሰቡ ገንዘብ ስለሚከፈል ስም ከነአባቱ፣ የሞተበት ቀን፣ ገንዘቡን ማን ፈርሞ እንደወሰደ ሳይቀር ይጻፋል። ፈርሞ የወሰደው ልጅ ወይ የልጅ ልጅ ነው፣ እሱን ካገኘህ ፎቶም አገኘህ ማለት ነው። የእድሩን ዳኛ ሳይሆን ፀሐፊውን ጠይቅ፣ ደብተሩ ቤት ያለው እሱ ጋ ነው። አንድ እድር ላይ አትቁም፣ የመሥሪያ ቤትም የሰፈርም አለ፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አንድ ላይ የሆነበትም አለ። ሌላው ጡረታ ነው፣ የድሮ ሠራተኛ ጡረታ ሊቀበል ሲሄድ ማን አለ ማን የለም ይባባላል፣ አሁን በህይወት ያሉትን ሁለት ሦስት ጡረተኞች ቡና አፍልተህ አንድ ላይ ብታስቀምጣቸው አንዱ የረሳውን ሌላው ያስታውሰዋል። ብቻ ቶሎ በል፣ እነሱም አርጅተዋል።

ሩቅ አገር ነኝ
እባክህን ስም እዚህ አታስጽፍ። ይሄን የምለው ደርሶብኝ ነው። የአጎቴ ልጅ ሲያርፍ ቤተሰቦቼ መርዶውን ሊያረዱኝ እዚህ ያሉ የሰፈራችንን ሰዎች አሰባስበው፣ ጠዋት ሥራ ሳልሄድ ሊመጡ ተዘጋጅተው ነበር፣ እኔ ግን ማታውኑ አውቶብስ ውስጥ አንድ ግሩፕ ላይ ፎቶውን ከሻማ ጋር አየሁት። ብቻዬን፣ ፈረንጅ መሀል። ያስቀመጠው ሰው ክፋት የለበትም፣ ወዶት ነው። ግን እኛ አገር ሰው መርዶ እንደዚህ አይነገረውም፣ ሰው ተሰብስቦ፣ ልብ ያለበት እንዳለ ታይቶ፣ ሌሊት ላይ ነው። የጅማ እርሻ ልጅ ደሞ ዓለም ላይ ተበትኗል፣ የአንዱን ሞት ያልሰማ እህት ወይ ወንድም የት እንዳለ አታውቅም። ስለዚህ አርባው ያልወጣ ሰው ስም ጭራሽ አይግባ፣ ከዚያም በኋላ ከቤተሰብ አንድ ሰው «አዎ ይጻፍ» ካላለ አታውጣው። እንዲህ ካደረግክ በህይወት ያለ ሰው ሞቷል ብሎ ከመጻፍም ትድናለህ፣ ስሙ ከነአባቱ የሚገጥም ሰው ብዙ ነው፣ አያቱንም ጨምር። በምን ሞተ የሚለውን ተወው፣ የቤተሰብ ጉዳይ ነው።

የድሮ ትራክተር
ልጄ ናት የምትጽፍልኝ። ከቀደሙት ባቾች ነኝ። ሁለት ነገር ልበል። አንደኛ ዘመን ስትጽፉ ዓ.ም. ይሁን እ.ኤ.አ. ለዩ። እኛን ያስተማሩን አሜሪካኖች ስለሆኑ ወረቀታችን ላይ የነሱም የኛም አቆጣጠር አለ፣ «የ1956 ልጅ ነው» ብትሉኝ ሰባት ስምንት ዓመት የሚራራቁ ሁለት ባቾች ናቸው፣ ሰውየውን ከማያውቁት ልጆች ጋር ትቀብሩታላችሁ። ሁለተኛ፣ የአለማያ ኮሌጅ ግቢው ተሠርቶ ሳያልቅ የመጀመሪያዎቹ ተማሪዎቹ እኛ ጋ ጅማ ነው የተማሩት፣ እ.ኤ.አ. በ1956 ነው ወደዚያ የሄዱት። ስማቸውን አለማያዎች ይይዙታል እየተባለ እንዳይቀር፣ አብረውን በልተዋል አብረውን ተኝተዋል። ከፈረንጆቹም የሞቱት ይታወሱ። የኦክላሆማው እርሻ ኮሌጅ ፕሬዚዳንት ዶክተር ሄንሪ ቤኔት እ.ኤ.አ. በ1950 መጥቶ ከጃንሆይ ጋር ተነጋግሮ፣ ነገሩ ከዚያ ተነስቶ ነው እዚህ የደረሰው። እ.ኤ.አ. በ1951 ታኅሣሥ ላይ ከነባለቤቱ ቴህራን አጠገብ አውሮፕላን ተከስክሶ ሞተ፣ ጅማ እርሻ የተከፈተው በሚቀጥለው ዓመት ነው። የደከመበትን ሳያይ ቀረ። እና ፎቶዎቻችሁን ገልብጡ! እኛ ስንለያይ ፎቶ ተሰጣጥተን ጀርባው ላይ «ለማልረሳህ ወንድሜ ለማስታወሻ» ብለን ስም ከነአባቱ፣ ቀንና ዓመት እንጽፍ ነበር። እኔ አሁን አንዱን አውጥቼ እያየሁ ነው፣ በሰማያዊ ቀለም ነው የተጻፈው፣ ፊቱ ደብዝዟል ጽሑፉ ግን ይነበባል። ከሬጅስትራር የማታገኙት እያንዳንዱ ሰው ሳጥን ውስጥ አለ።

እህቱ ነኝ
እኔ እዚያ አልተማርኩም፣ ወንድሜ ነው የተማረው። በ1970 ከጓደኞቹ ጋር ተወሰደ፣ ከዚያ በኋላ የለም። ሬሳ አላገኘንም፣ ቀኑን የሚነግረን አላገኘንም። እናቴ ስንቅ ይዛ ስትመላለስ ኖራ አንድ ቀን «አታምጪ» አሏት፣ በቃ ያቺን ቀን ነው የያዝነው። ይመጣል እያለች ተዝካሩን ሳታወጣ እሷም አረፈች። እና አደራ የምላችሁ፣ እንደኔ ወንድም ያሉትን ቀናቸው አይታወቅም ብላችሁ ከሊስቱ እንዳታስቀሩብን። የሞተበት የሚለው ላይ «ከ1970 ዓ.ም. ጀምሮ ያልተገኘ» ብላችሁ ጻፉ፣ እውነቱ እሱ ነው። ሌላው ቤተሰብ የተለየ ነገር ከፈለገ እሱን ጠይቁት፣ እኔ የምናገረው ስለራሴ ነው። ፎቶ አለኝ፣ ትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ ቱታ ለብሶ ማረሻ ተደግፎ ነው የቆመው።

ቦዬ
እህቴ እግዜር ያጽናሽ፣ የሱ ስም ሳይነበብማ አንሰበሰብም።
ስለ ፕሮግራሙ አንድ ነገር፣ ጅማ ነን፣ ከሊስቱ ግማሹ ሙስሊም ነው። ስሙ በባች ተራ ይነበብ፣ መስቀልም ጨረቃም አጠገቡ አይደረግ፣ ሲያልቅ ሁሉም ቆሞ የህሊና ጸሎት ያድርግ፣ ከዚያ ሼሁም ዱአ ያድርጉ ቄሱም ፍትሐት ያድርሱ። ችግኝ እንትከል የሚል ሰው መምጣቱ አይቀርም፣ ጥሩ ነው፣ ግን ሰኔና ሐምሌ ካልሆነ እንዳትነኩት፣ ዋንዛ ቢሆን ደስ ይለኛል፣ ለቡናውም ጥላ ነው።

የጅረን ልጅ
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። እህታችን፣ እንዳልሽው «ያልተገኘ» ተብሎ ነው የሚጻፈው፣ በውስጥ አናግሪኝ ፎቶውን እቀበልሻለሁ። ጋሼ፣ የአለማያዎቹን ለብቻ ሳይሆን ከእናንተ ባች ጋር ነው የማስገባቸው። ከዛሬ ጀምሮ እዚህ ስም የጻፈ ሰው ካለ አድሚኖቹ እንዲያነሱት ነግሬያለሁ፣ ስም የምትልኩ በውስጥ ከነአያቱ፣ ከነባቹ፣ ቤተሰቡን የሚያውቅ ሰው ስልክ ጨምራችሁ። እድሩን ቅዳሜ እጀምራለሁ። አንድ የጎደለኝ፣ የወጥ ቤቶቹን እድር ፀሐፊ የሚያውቅ ካለ ከቅዳሜ በፊት ይንገረኝ፣ ቡናው በኔ ነው።