የሐምሌው የስፔን ጉዞ ረቂቅ፣ እስከ እሑድ ሐሳባችሁን አምጡ

ጸሐፊ፦ እዚህ ጀርመን ያለው ማኅበራችን በጉባኤ የወሰነው እናቶች ከማጀት ወጥተው አንድ ሳምንት ባሕር ዳር እንዲያርፉ ነው። 31 ሰው ተመዝግቧል፣ 14ቱ ልጆች ናቸው። ጊዜው ከፍልሰታ በፊት፣ በፈረንጆቹ ጁላይ መጨረሻ። ምርጫው ሦስት ነው፦ ማዮርካ ደሴት ላይ አልኩዲያ፣ ካናሪ ደሴቶች ላይ ቴኔሪፌ፣ የብሱ ላይ ከባርሴሎና በታች ሳሎው። እኔ አልኩዲያ ብያለሁ። አሸዋው ረጅም ነው፣ ባሕሩም ቶሎ አይጠልቅም። ልጅ እየተራመደ ብዙ ይገባል፣ ውኃው ገና ወገቡ ጋ ነው። ከፍራንክፈርት በረራው ከሁለት ሰዓት ብዙም አያልፍም።

ገንዘብ ያዥ፦ ካዝናው 4,800 ዩሮ ነው። ለ31 ሰው 155 ዩሮ እንኳ አይደርስም። በትምህርት ቤት ዕረፍት ሰሞን ይህ ትኬቱንም ላይሸፍን ይችላል። ማዮርካ ላይ ደግሞ በየአዳሩ የቱሪስት ግብር አለ። ከ16 ዓመት በታች ያሉት አይከፍሉም፣ ትልልቆቹ ግን ይከፍላሉ። ረቂቁ ውስጥ የለም፣ ይግባ።

ጋሼ፦ ቴኔሪፌ ይሻላል። ሞሮኮ ፊት ለፊት ነው፣ አየሩ የአገራችንን ይመስላል። ቴይዴ ተራራም አለ፣ 3,715 ሜትር። ልጆቹ ተራራ ይዩ።

ሾፌሩ፦ ጋሼ፣ ካናሪ የጥር ቦታ ነው። በጁላይ የአትላንቲኩ ውኃ ከማዮርካው ይቀዘቅዛል፣ ነፋሱም አያስቀምጥም። በረራው ደግሞ ከእጥፍ በላይ ነው። 14 ልጅ ይዘን?

ጋሼ፦ እሺ፣ ትቼዋለሁ።

የመንትዮቹ እናት፦ ሆቴል ነው አፓርታማ? አፓርታማ ከሆነ ምጣድ ይዘን መሄድ እንችላለን?

ኦፈንባኽ (ፍራንክፈርት አጠገብ ካለችው ኦፈንባኽ ከተማ የሆነው አባል)፦ ምጣድ? በአውሮፕላን? አንድ ሳምንት ያለ እንጀራ የሞተ ሰው አለ? የሩዝ ምግባቸውን ፓኤያ ብሉ፣ ዓሣ ብሉ። ስፔን ለምን እንሄዳለን ታዲያ?

የመንትዮቹ እናት፦ እናቴ 71 ዓመቷ ነው፣ ሩዝ አይስማማትም። አንተ ዓሣህን ብላ።

ነርሷ፦ ጋግረን እንውሰድ፣ ምን ችግር አለው?

የመንትዮቹ እናት፦ በዚያ ሙቀት? ባለፈው ወስደን በሦስተኛው ቀን ሻገተ። ሙሉውን መሶብ ጣልኩ።

የአሊካንቴዋ፦ ስለ ምጣድ እኔን ጠይቁኝ። አምና ስፔን አሊካንቴ አፓርታማ ተከራይተን ምጣዱን ሰካሁት። ኤርኮንዲሽኑ እየሠራ ነበር። ሁለተኛውን እንጀራ አስፍቼ አክንባሎውን ስከድን ቤቱ ድርግም አለ። እዚያ አገር ቤቱ የሚያገኘው ኃይል በውል የተወሰነ ነው፣ ብዙ አፓርታማ 3 ወይም 4 ኪሎዋት አካባቢ ነው። ከዚያ ስታልፉ ራሱ ይቆርጣል። ያለውን ሁሉ ነቅለን ዋናውን ማብሪያ እስክናገኝ ድረስ ሊጡ ምጣዱ ላይ እንደ ገንፎ ረጋ። ከዚያ በኋላ ኤርኮንዲሽኑን አጥፍቼ በላብ ተጠምቄ ነው የጋገርኩት። ስለዚህ አከራዩን ስንት ኪሎዋት እንዳለው አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ኦፈንባኽ፦ ይኸው! ዕረፍት ማለት ይሄ ነው?

የመንትዮቹ እናት፦ ይህ ማኅበር የተቋቋመው ልጆቻችን ባህላቸውን እንዲያውቁ ነው። እንጀራ የከበደው ሰው ለምን ተመዘገበ?

ኦፈንባኽ፦ እኔ እንጀራ ከበደኝ አልኩ? አሥር ዓመት መዋጮ ከፍያለሁ። አንድ ቀን አላስተጓጎልኩም። ስሜ ከዝርዝሩ ይሰረዝ።

ጋሼ፦ ተው እንጂ ልጄ። አንቺም ተይ። በምጣድ ማኅበር አይፈርስም።

አዲስ አባል፦ ይቅርታ፣ የእኔ የኢትዮጵያ ፓስፖርት በሰኔ ያበቃል። የጀርመን መኖሪያ ፈቃዴ ግን አለ። ያስኬደኛል?

ነርሷ፦ የአፓርታማውን ዋጋ እኔ አጣርቼ ዓርብ አመጣለሁ፣ የማዮርካውንም የሳሎውንም።

ሾፌሩ፦ ምጣድ ከተባለ ማዮርካ ይቅር። እኔ ዕቃውን በቫን ይዤ ሳሎው እገባለሁ፣ ከ1,300 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፣ ፈረንሳይ ሊዮን ላይ አድሬ። ሌላው ሰው ባርሴሎና ይብረር። ምጣዱም ሊጡም በርበሬውም ከእኔ ጋር።

ገንዘብ ያዥ፦ ከባርሴሎና ወደ ማዮርካ እኮ መርከብ አለ።

ሾፌሩ፦ ቫን ጭነህ ስንት እንደሚያስከፍል አይተሃል? መንገዱም ሰባት ሰዓት ይጠጋል።

ጋሼ፦ ባርሴሎና ካረፍን ሞንሴራት ገዳም እንሳለም። ተራራው ላይ ጥቁሯ ማርያም አለች፣ የ12ኛው መቶ ዘመን ሥራ ናት ይላሉ። ጥርስ ባለው ሐዲድ በሚሄድ ባቡር ይወጣል። ፍልሰታም እየመጣ ነው።

የመንትዮቹ እናት፦ ጋሼ፣ ይህ ጥሩ ሐሳብ ነው! እናቴ ስትሰማ አለቀሰች።

ኦፈንባኽ፦ ትናንት ከሌሊት ሥራ ገብቼ ነው የጻፍኩት። ስሜ ይመለስ። እናትሽንም ይቅርታ ጠይቂልኝ።

አዲስ አባል፦ የፓስፖርቱን ነገር የሚያውቅ አለ?

ጸሐፊ፦ ፈቃዱ ብቻውን አይበቃም፣ ፓስፖርቱም ያላለፈበት መሆን አለበት። አሁኑኑ ማሳደስ ጀምር። ሁለቱ ከተሟሉ ስፔን ሌላ ቪዛ አትጠይቅህም።

የተሻሻለው ረቂቅ፦ ሳሎው 5 አዳር፣ ሞንሴራት አቅራቢያ 2 አዳር። ዕቃ በቫን። አፓርታማ ከበቂ የመብራት ኃይል ጋር። ጋጋሪዎች በተራ፣ በቀን ሁለት፣ ስም ዝርዝሩ ከታች።

ገንዘብ ያዥ፦ ዓርብ አለፈ። ነርሷ፣ የአፓርታማው ዋጋ የታለ?

የአሊካንቴዋ፦ የጋጋሪዎቹን ዝርዝር አየሁት። ስሙ ሁሉ የሴት ነው። ወንዶቹ የት ሄዱ? ጉባኤው ላይ የተባለው እኛ እንድናርፍ ነበር። እኔ አምና ባሕሩን በረንዳ ላይ ሆኜ ነው ያየሁት፣ እጄ ላይ ሊጥ ነበር። ዘንድሮ ውኃው ውስጥ መግባት ነው የምፈልገው።

ኦፈንባኽ፦ የእኔን ስም አስገቡ። መጋገር አልችልም፣ ግን አስተምሩኝ።

ገንዘብ ያዥ፦ ነርሷ?

ሾፌሩ፦ ምጣዱ የማን ነው የሚሄደው? ስፋቱን ንገሩኝ፣ ከልጆቹ ጋሪዎች ጋር ኋላ መግባቱን ልለካ።