«ቀንሰሽ ተመለሺ» ሕክምና ነው ወይ?

ጥያቄ አቅራቢዋ፦
ዕድሜዬ 29፣ ክብደቴ 84 ኪሎ ነው። የወር አበባዬ በዓመት አራት ጊዜ ቢመጣ ነው። አልትራሳውንድ ታይቼ፣ የደም ምርመራ አድርጌ ፒሲኦኤስ (ሆርሞን ተዛብቶ የወር አበባን የሚያዘገይ የኦቫሪ፣ ማለትም የእንቁላል እጢ፣ ሕመም) እንዳለብኝ ተነገረኝ። ሐኪሙ ወረቀቱን አጥፎ «ኪሎሽን ቀንሰሽ ተመለሺ» አለኝ። ምን ልብላ ብዬ ስጠይቀው «እንጀራ ተዪ» አለ፤ ሌላ ቃል አልጨመረም። ከሰኔ ጀምሮ እንጀራ ትቼ በእንቁላልና በሥጋ ስድስት ኪሎ ቀነስኩ። በነሐሴና በመስከረም የወር አበባዬ ቀኑን ጠብቆ መጣ። የነቢያት ጾም ሲገባ ግን የምበላው ጠፋኝ፤ ዳቦና ፓስታ ላይ ወደቅሁ፤ የቀነስኩት ሁሉ ተመለሰ። አሁን ደግሞ ዐቢይ ጾም ላይ ነን። ሐኪሙ ትክክል ነበር? ወይስ ሕመሙን ትቶ ጥፋቱን በእኔ ላይ ጫነብኝ?

ነርሷ፦
እህቴ፣ መልሱን ራስሽ ጽፈሽዋል። ስትቀንሺ መጣ፣ ስትጨምሪ ጠፋ። ከክብደት 5 እስከ 10 በመቶ መቀነስ በብዙ ሴቶች ላይ እንቁላል ከኦቫሪ መውጣቱን እንደሚያሻሽል በጥናት ታይቷል፤ ላንቺ ይህ ከ4 እስከ 8 ኪሎ ማለት ነው። ሰውነት ለኢንሱሊን፣ የደም ስኳርን ለሚቆጣጠረው ሆርሞን፣ መታዘዝ ሲያቅተው ቆሽት አብዝቶ ያመነጫል። የበዛው ኢንሱሊን ኦቫሪን የወንድ ሆርሞን አብዝታ እንድትሠራ ይገፋፋታል፤ ጉበት ደግሞ ያንን ሆርሞን አስሮ የሚይዘውን ፕሮቲን ይቀንሳል። በዚህ ሕመም የሚታየው የአገጭ ፀጉሩም፣ ብጉሩም፣ የወር አበባው መዘግየትም ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው። ቀኑን ሙሉ በስኳር የምንጠጣው ሻይ፣ ነጭ ዳቦው፣ ለስላሳው ይህንን እሳት ይቆሰቁሳል። መጀመሪያ ምግብ፣ መድኃኒት በኋላ እላለሁ፤ አልሸሽገውም።

ሕመሙ ያለባት ሌላ ሴት፦
እኔ 52 ኪሎ ነኝ፤ ፒሲኦኤስ አለብኝ። የኔስ ከየትኛው መብላት መጣ ሊባል ነው? ሕመሙ በቤተሰብ ውስጥ ይወርዳል፤ ቀጭንም ወፍራምም አይመርጥም። ኢንሱሊኑ ራሱ ክብደትን እንደሚያስጨምርና መቀነሱን እንደሚያከብደው ለምን አይነገርም? ሴቲቱ ሰርግ ላይ «ወፈርሽ»፣ ለቅሶ ላይ «ልጅስ?» እየተባለች ትኖራለች። ሐኪም ዘንድ ስትሄድም ያንኑ ሰምታ ከተመለሰች ሁለተኛ አትሄድም። እኔ የማውቃቸው ሁለት ሴቶች በዚህ ምክንያት ቀርተዋል።

የምግብ ባለሙያው፦
ስለ እንጀራው ልናገር፤ በየቀኑ የምከራከርበት ጉዳይ ነውና። እ.ኤ.አ. በ2023 በአውስትራሊያው ሞናሽ ዩኒቨርሲቲ መሪነት የወጣው ዓለም አቀፍ መመሪያ ለፒሲኦኤስ ከሌላው የሚበልጥ አንድ የአመጋገብ ዓይነት እንደሌለ ይናገራል። የሚጠቅመው ሴቲቱ ልትዘልቅበት የምትችለው ጤናማ አመጋገብ ነው። የዓመቱን ግማሽ ያህል ለምትጾም ሴት «እንቁላልና ሥጋ» ማዘዝ ጾም በገባ ቁጥር የሚፈርስ ቤት እንደ መሥራት ነው።

ደግሞስ ያንቺን ጾም እይው። ያወፈረሽ ምስሩ፣ ሽንብራው፣ ባቄላው፣ ጎመኑ አይደለም፤ በነሱ ቦታ የገባው ዳቦና ፓስታ ነው። ጤፍ ደቃቅ ስለሆነ ከነገለባው ይፈጫል፤ ከተፈተገ ነጭ ዱቄት ጋር አንድ ላይ አይወቀስም። ችግሩ ልኩ ላይ ነው። ከአንድ ትሪ ስንበላ ማን ስንት እንጀራ እንደበላ አይታወቅም፤ በጉርሻ የገባው አይቆጠርም። እስከ 9 ሰዓት ቆይቶ በረኃብ የሚቀርቡት ማዕድ ደግሞ ልክ ያሳጣል። ለጾሙ ጊዜ ለብቻሽ በሳህን አውጪ፤ ግማሹን ጎመንና ሰላጣ፣ ሩቡን ምስር ወይም ባቄላ፣ ሩቡን እንጀራ አድርጊው። ዘይቱን ማንም አያነሳውም እንጂ በጾም ወጥ ላይ የምናፈሰው ብዙ ነው።

አንድ ባል፦
ባለቤቴ ለብቻዋ ሰላጣ ስትበላ እኔና ልጆቹ ፓስታ እንበላ ነበር። ሦስት ሳምንት አልዘለቀችም። የዘለቀችው የሁላችንም ማዕድ ሲቀየር ነው።

የማህፀን ሐኪሟ፦
ምግቡ እንደሚጠቅም አንከራከር። «መድኃኒት በኋላ» የሚለውን ግን እቃወማለሁ። እንቁላል ሳይወጣ ሲቀር ፕሮጄስትሮን፣ የማህፀንን ውስጠኛ ሽፋን ልክ የሚያስይዘው ሆርሞን፣ በበቂ አይመነጭም፤ ሽፋኑ በሌላው የሴት ሆርሞን፣ በኤስትሮጅን፣ ብቻ እየወፈረ ይሄዳል። ይህ ለዓመታት ሲደጋገም ለማህፀን ካንሰር ያጋልጣል፤ ክብደት የጨመረች ሴት ላይ ስጋቱ ይበልጥ ከፍ ይላል። ስለዚህ የወር አበባዋ ከሦስት ወር በላይ የቀረባት ሴት ኪሎዋ እስኪወርድ አትጠብቅም። እርግዝና አለመሆኑ ተረጋግጦ ሽፋኑን የሚያወርድ የፕሮጄስትሮን መድኃኒት ወይም የወሊድ መቆጣጠሪያ ክኒን ሊሰጣት ይገባል። ለኢንሱሊኑ ሜትፎርሚን የሚባል መድኃኒት አለ። እንቁላል ለማይወጣላትና ልጅ ለምትፈልግ ሌትሮዞል፣ እንቁላል እንዲወጣ የሚያግዘው መድኃኒት፣ የመጀመሪያው ምርጫ ነው። እነዚህ ከምግቡ ጎን ለጎን ይሄዳሉ፤ አንዱ ሌላውን ወረፋ አያስጠብቅም። «ቀንሰሽ ተመለሺ» ያለሽ ሰው ክትትል ሳይይዝልሽ ከሆነ ግማሹን ሥራ ትቶታል።

ጥያቄ አቅራቢዋ፦
ስለ ማህፀን ሽፋኑ የነገረኝ ሰው የለም። ባይመጣ ይሻላል፣ ከወር አበባ ቁርጠቱ አረፍኩ እያልኩ ነበር። ለመጨረሻ ጊዜ ያየሁት ኅዳር መጀመሪያ ላይ ነው።

የማህፀን ሐኪሟ፦
ኅዳር ከሆነ አራት ወር አልፏል። በዚህ ሳምንት ሂጂ፤ ያገኘሽውን ሐኪም ይህንኑ ቀን ንገሪው። የታይሮይድና የፕሮላክቲን ምርመራ ተሠርቶልሽ እንደሆነም ጠይቂ፤ እነዚህ ሆርሞኖች ሲዛቡም የወር አበባ ይቀራል። ግሉኮስ ጠጥተሽ ከ2 ሰዓት በኋላ የሚለካውን የስኳር ምርመራም አሠሪ፤ የስኳር ሕመም በዚህ ሕመም ላይ ቶሎ ይደረባል።

ነርሷ፦
የሦስት ወሩን ጉዳይ ተቀብያለሁ፤ «በኋላ» ያልኩትን አንሥቻለሁ። እህቴ፣ ከሐኪም ስትመለሺ ምን እንዳሉሽ ጻፊልን። እስከዚያ ግን ሻይሽን ያለ ስኳር ጠጪ።