«እንቁ»፣ «ጉድ»፣ «ፏ ያለ»፦ ሳንቲም ሰብሳቢዎች ምርጡን ሳንቲም ምን ይሉታል?

አዌቱ፦
ጤና ይስጥልኝ። የሳንቲም ሰብሳቢዎችን ሽያጭ የሚከታተል ሰው «ጄም»፣ «ሞንስተር»፣ «ፒ-ኪው»፣ «ብሌዘር» የሚሉ ቃላት ሳያጋጥሙት አይውልም። ሁሉንም «ምርጥ ነው» ብሎ መተርጎም አንድ ነገር ነው፤ ልዩነታቸው ግን የት ላይ ነው? በአማርኛስ ምን ብንላቸው ያስኬዳል? ጅማ ውስጥ ከአያት የወረደ ጠገራ በየቤቱ ስላለ፣ ምሳሌው ከእጃችን ገንዘብ ቢሆን ደስ ይለኛል።

ሄርማታ፦
«ጄም»ን ከሌሎቹ ነጥለን እንየው፤ እሱ ቁጥር ያለው ቃል ነው። የሳንቲም ደረጃ ከ1 እስከ 70 ይሄዳል። መለኪያውን አሜሪካዊው ዊልያም ሼልደን በ1949 እ.ኤ.አ. ያወጣው ለቀድሞዎቹ ትልልቅ የአሜሪካ የመዳብ ሳንቲሞች ነበር። ያኔ ሐሳቡ ባለ 70ው የባለ 1ዱን 70 እጥፍ ያወጣል የሚል ነው። የዋጋው ስሌት ብዙም ሳይቆይ ፈረሰ፤ ቁጥሩ ግን እስከ ዛሬ ይሠራበታል። ከ60 ጀምሮ ያለው ሁሉ ገበያ ላይ ያልዞረ ነው። 63 እና 64 «ቾይስ»፣ 65 እና 66 «ጄም»፣ ከ67 ጀምሮ «ሱፐርብ ጄም» ይባላል። የቡና ደረጃ የለመደ የጅማ ሰው እዚህ ላይ እንዳይሳሳት፤ ቡና ላይ ቁጥሩ ሲያንስ ነው የሚሻለው፣ ሳንቲም ላይ ግን ተቃራኒው ነው።

ስለዚህ «እንቁ» ብንለው ይሄዳል፤ ግን 65 ያልሞላውን እንቁ ማለት አይቻልም። ሻጭ ቁጥር ሳይጠራ «እንቁ ነው» ካለ፣ «ስንት ነው?» ማለት ያስፈልጋል።

መንደራ፦
«ሞንስተር»ን ጭራቅ ብሎ የሚተረጉም እንዳይመጣ እሰጋለሁ። በእኛ ጭራቅ ሰው ይበላል እንጂ አይደነቅም። ወጣቱ «አውሬ ነው» ሲል ማድነቁ ስለሆነ እሱ ይቀርባል፤ ለእኔ ግን «ጉድ» ይበልጣል። «ይሄ ጠገራ ጉድ ነው» ቢባል ማን አይገባውም? ቃሉ ደረጃን አይናገርም፤ ዓይን ያየውን ነው የሚናገረው። ብዙ ጊዜ የሚባለውም በዕድሜ ብዛት ሰማያዊ፣ ወርቃማና ወይን ጠጅ ቀለም ላወጣ ብር ነው። ባለ 64 ሆኖ ጉድ የሚባል አለ፤ ባለ 67 ሆኖ ማንም ዞር ብሎ የማያየው አለ።

ጊቤ፦
«ፒ-ኪው»ስ?

ሄርማታ፦
«ፕሪሚየም ኳሊቲ» የሚለው ሲያጥር ነው። በአንድ ቁጥር ውስጥ ከላይኛው ጫፍ ያለውን ይገልጻል፤ 65 የተሰጠው ሆኖ 66ን ሊነካ ጥቂት የቀረው ማለት ነው። «የ65 አውራ» ብንለው አማርኛው ራሱ ይሸከመዋል። ሲ-ኤ-ሲ የሚባል ድርጅት ከ2007 እ.ኤ.አ. ወዲህ ይህንኑ እያጣራ፣ ደረጃ ተሰጥቶት በታሸገው ፕላስቲክ ላይ አረንጓዴ ምልክት ይለጥፋል። የተሰጠው ደረጃ አንሶበታል ካለ የሚለጥፈው ወርቃማ ነው። ሻጩ በራሱ አፍ «ፒ-ኪው» ያለው ግን ያው የሻጭ አፍ ነው።

አዌቱ፦
«አውራ»ን ወደድኩት። በጣም ለሚያበራው የሚሉት «ብሌዘር» ይቀረናል።

መንደራ፦
«ፏ ያለ» ነዋ!

ሄርማታ፦
«ፏ ያለ» ጥሩ ነው፤ ችግሩ በሎሚና በአመድ የታሸውም ፏ ይላል። ቁልፉ ቃል «ወዝ» ነው። የፊት ወዝ እንደምንለው፣ የሳንቲምም ወዝ ከውስጥ ነው፤ ቅባት ተቀብቶ አይመጣም።

ሳንቲም ሲመታ ብረቱ በማተሚያው ግፊት ከመሃል ወደ ጠርዝ ይፈስሳል። በዚያ ጊዜ ዓይን የማያያቸው ብዙ ጥቃቅን መስመሮች ገጹ ላይ ይቀራሉ፤ ብርሃን ሲያርፍባቸው ወዙን የሚሰጡት እነሱ ናቸው። የጥርስ ሳሙና ወይም አመድ ጫፋቸውን ይፍቃል። ሎሚም ሆነ ለብር ማጽጃ የሚሸጥ አሲድ ያለበት ፈሳሽ ያሟሟቸዋል። ከዚያ በኋላ ሳንቲሙ ነጭ ይሆናል፣ ያበራል፣ ወዝ ግን የለውም። አንዴ ከሄደ ደግሞ የሚመልሰው የለም።

አፈታተሹ እንዲህ ነው። ደብዘዝ ባለ ክፍል ውስጥ አንድ አምፖል ብቻ ከላይ ይብራ፤ ረጅሙ የጣሪያ ፍሎረሰንት አይሆንም፣ ብርሃኑን ስለሚበትነው ወዙንም ጭረቱንም ይደብቃል። ከታች የታጠፈ ጨርቅ ይነጠፍ፤ ብትጥሉት ጠረጴዛ ላይ እንዳያርፍ ነው። ሳንቲሙን በሁለት ጣት ጠርዙን ብቻ ይዛችሁ ዘንበል አድርጉና ቀስ ብላችሁ አዙሩት። ወዙ ካለ፣ ከመሃል የሚነሱ ፊት ለፊት የሚተያዩ ሁለት የብርሃን ሰበዞች ገጹን እየዞሩ ይሄዳሉ፤ ሰብሳቢዎች «ካርትዊል»፣ የጋሪ ጎማ፣ የሚሉት ይህን ነው። ሰበዙ በምስሉ ፊትና ፀጉር ላይ ሳይቋረጥ ካለፈ ሙሉ ነው። ገጹ በሙሉ አንድ ላይ ቦግ ካለና ሰበዝ ካልዞረ ተፈቅፍቋል። ባለ 5 እጥፍ አጉሊ መነጽር ይበቃል፤ ወደ አንድ አቅጣጫ የተሰለፉ የፀጉር ያህል ቀጫጭን ጭረቶች ካሳየ ደግሞ ጨርቅ አልፎበታል። ከ10 እጥፍ በላይ በሆነ መነጽር ያየ ሰው የሚወደው ሳንቲም አያገኝም።

ጊቤ፦
ሰበዙ ጉንጩ ላይ ሲደርስ ተቋርጦ ሜዳው ላይ፣ ማለትም ከምስሉ ውጭ ባለው ባዶ ገጽ ላይ፣ ግን ደህና ከሆነስ?

ሄርማታ፦
እሱማ «ስላይደር» የሚሉት ነው፤ «ሾላኪ» ልንለው እንችላለን። ደረጃው 58 ነው፤ ጥቂት ዞሮ የተመለሰ ሆኖ አዲስ መስሎ ይሾልካል። በኦስትሪያዋ ንግሥት በማሪያ ቴሬዛ ጠገራ ላይ ፀጉሯንና ትከሻዋን፣ በጀርባው የንስሩን ደረት እዩ፤ በምኒልክ ብር ላይ ደግሞ ከዘውዱ ሥር ያለውን ፀጉርና የአንበሳውን ጎፈር። ቦታው ደብዝዞ ቀለሙም ግራጫ ከሆነ ተበልቷል ማለት ነው። ቅርጹ ሳይወጣ ወዙ ግን ሙሉ ሆኖ ካለፈ፣ ሳንቲሙ አልተበላም፤ ሲመታ ነው ግፊቱ ያነሰው። ሁለቱን የሚያደባልቅ ገዥ ብዙ ነው።

አዌቱ፦
ለምኒልክ ብር አንዳንዶች «ኤፍ-ዲ-ሲ» የሚል ቃል ሲጠቀሙ አይቻለሁ።

መንደራ፦
ፈረንሳይኛ ነው፤ «ፍለር ደ ኩዋን»። «ኩዋን» ማተሚያው ብረት ነው፣ ስለዚህ «የማተሚያው አበባ» ማለት ይሆናል፤ ማተሚያው ገና ሳይደክም የወጣ፣ ምንም ያልነካው። ለምኒልክ ብር መባሉ ተገቢ ነው፤ የ1887 ዓ.ም. ቀን ያለበት ብር የተመታው ፓሪስ ነው፣ 28.075 ግራም፣ 835 ንጥረት (ከሺህ 835 እጁ ንጹሕ ብር)። አውሮፓውያን ከ70 ቁጥር ይልቅ ይህን ቃል ያዘወትራሉ፤ ከቁጥር ጋር ማዛመድ ግን ያስቸግራል።

ጊቤ፦
እንቁ ጠገራ ያለው ሰው ሀብታም ነው ማለት ነው?

ሄርማታ፦
አይደለም፣ እዚህ ጋ ብዙ ሰው ይወናበዳል። ደረጃና ብርቅነት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ማሪያ ቴሬዛ የሞተችው በ1780 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከዚያ በኋላ ግን ያንኑ ዓመት እንደያዘ ቪየና፣ ሮም፣ ለንደን፣ ፓሪስ፣ ቦምቤይ መትተውታል። ቪየና ዛሬም ትመታለች። ትናንት የወጣ እንቁ ጠገራ ዋጋው ከብሩ ክብደት ብዙም አይርቅም፤ 28.0668 ግራም፣ 833 ንጥረት ነው። ሰብሳቢን የሚያስደነግጠው ቀደም ባለው ማተሚያ ተመትቶ በገበያ ከረጢት ውስጥ ሳይፋጭ የተረፈው ነው። ከባድ ሳንቲም በከረጢት ውስጥ ሌላውን ስለሚመታ፣ ትልቅ ብር 65 ላይ መድረሱ ከትንሽ ሳንቲም ይከብደዋል።

ለድሪ ጆሮ የተበየደለት ደግሞ ጆሮው ቢነቀልም ቁጥር አይሰጠውም። ጠርዙ ላይ፣ ከራስጌ በኩል፣ የብየዳ ጠባሳ ይቀራል፤ በዙሪያው የሚጻፈውን «ዩስቲቲያ ኤት ክሌሜንቲያ» በጣት እየተከተላችሁ ብትዞሩ የት ላይ እንደተበላ ታገኙታላችሁ።

መንደራ፦
መዳቡንም እንንካው። የ1936 ዓ.ም. ስሙኒ መጀመሪያ ክብ ነበረች፤ መጠኗ ከብሩ ሽልንግ ጋር ስለሚቀራረብ እየነጣች በሽልንግ ስም ስታልፍ፣ ጠርዟ ቅርጽርጽ ተደረገ። መዳብ ላይ ምርጡ ቃል «ሬድ»፣ ቀይ ነው፤ የመጀመሪያው ቀይ ቀለም 95 በመቶ ያህል ካልቀረ ቀይ አይባልም። ዝቅ ሲል ቀይ-ቡኒ፣ ከዚያ ቡኒ። «ፋየሪ ሬድ» ሲሉ «እሳት የመሰለ» ይበቃል። ጅማ ክረምቱ እርጥብ ስለሆነ ቀይ መዳብ ቶሎ ነጠብጣብ ያወጣል፤ በሚዘጋ ዕቃ ውስጥ ከሲሊካ ጄል ጋር ይቀመጥ፣ ጄሉም ውሃ ሲጠግብ ይለወጥ።

አዌቱ፦
ለስላሳ ፕላስቲክ ውስጥ የቆየ ሳንቲም አረንጓዴ የሚያጣብቅ ነገር ሲያወጣስ? እሱም በማጽዳት ይበላሻል?

ሄርማታ፦
እሱ ከፒ-ቪ-ሲ ፕላስቲኩ የወጣ ነው፤ ከተተወ ብረቱን ይበላል፣ ስለዚህ መነሳት አለበት። ንጹሕ አሴቶን ብቻ ተጠቀሙ፤ ሽቶና ቅባት የተጨመረበት የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ አይሆንም። በብርጭቆ ዕቃ አንድ ሁለት ደቂቃ ዘፍዝፉ፣ በሌላ ንጹሕ አሴቶን አለቅልቁ፣ ሳታሹ በአየር ይድረቅ። አሴቶን ብረቱን አይነካም፣ ወዙንም አይወስድም። እሳት ቶሎ ስለሚይዝ ግን መስኮት ክፈቱ፤ ከሰል የሚነድበት ክፍል ውስጥ አትሞክሩት።