ነፍሳትን ለምግብነት ማዋል፦ ለሰው ወይስ ለዶሮ?

ዶሮ አርቢዋ (ፍኖተ ሰላም)

ጤና ይስጥልኝ ወገኖቼ። በፍኖተ ሰላም ከተማ ዳር እንቁላል ጣይ ዶሮዎችን አረባለሁ። የአኩሪ አተርና የኑግ ፋጉሎ ዋጋ በየጊዜው እየናረ ትርፉን ስለ በላው ሌላ የፕሮቲን ምንጭ ሳፈላልግ፣ የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2013 ስለሚበሉ ነፍሳት ያወጣውን ሪፖርት አገኘሁ። ሪፖርቱ በዓለም ላይ ከ1,900 በላይ የነፍሳት ዝርያዎች ለሰው ምግብነት እንደሚውሉ ይገልጻል። እኛ ጎጃሞች ግን ክረምት ሲገባ ከመሬት የሚፈላውን አሸን ዶሮዎቻችን ከነክንፉ ሲለቃቅሙት ቆመን እናያለን እንጂ እጃችንን አንዘረጋበትም። ነፍሳትን መብላት በጤናም ሆነ በሃይማኖት በኩል እንዴት ይታያል? ለሰው ባይሆን እንኳ ለዶሮ መኖ ማርባት ያዋጣል ወይ? የምታውቁትን በቅንነት ብታካፍሉኝ አመሰግናለሁ።

መሪጌታ (ደብረ ኤልያስ)

እኅታችን፣ በሃይማኖት በኩል ላለው ጥያቄሽ የምችለውን ልመልስ። በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 ክንፍ ኖሯቸው በእግር ከሚሄዱት መካከል፣ ከእግሮቻቸው በላይ የሚዘሉበት ጭን ያላቸው፣ ማለትም አንበጣና ፌንጣን የመሰሉት፣ እንዲበሉ ተፈቅዷል፤ ምስጥና ዝንብ ግን ከዚህ ፈቃድ ውጭ ናቸው። የመጥምቁ ዮሐንስ ምግብም አንበጣና የበረሃ ማር እንደ ነበረ በማቴዎስ ወንጌል 3፥4 ተጽፏል፤ ይህን አንበጣ የዕፅ ስም ነው ብለው የሚተረጉሙም አሉ። ስለዚህ አንበጣ የሚበላውን ሕዝብ ርኩስ ነው ብሎ የሚናገር ሰው ከመጽሐፉ ያልፋል። ነገር ግን አንድ ነገር ልብ በሉልኝ፦ የፌንጣ ዱቄት ሥጋ አይደለም፣ ለጾም ይሆናል የሚል ነጋዴ ቢመጣ አትቀበሉት፤ ከእንስሳ አካል የተገኘ ስለሆነ ፍስክ ነው። ለዶሮ ስለ መስጠቱ ከተጠየቀ ደግሞ፣ ዶሮ ድሮም ቢሆን ትል ጭራ የምትበላ ናትና በዚህ ምክንያት ዶሮ ወጥ የተጠየፈ ሰው አላየሁም።

የጤና ባለሙያ (ደብረ ማርቆስ)

በጤና በኩል ጥቂት ልጨምር። በኡጋንዳ በዝናብ ወራት በመብራት የሚሰበሰበው ፌንጣ፣ በደቡባዊ አፍሪካ ከሞፓኔ ዛፍ ላይ የሚለቀመው አባ ጨጓሬ፣ በታይላንድ በእርሻ ደረጃ የሚረባው ፌንጣ፣ ሁሉም በፕሮቲን፣ በብረትና በዚንክ የበለጸጉ ምግቦች ናቸው። የሚበሏቸውም ወደውና ከፍለው ገዝተው ነው እንጂ ሌላ አጥተው ብቻ አይደለም፤ ይህን ሳናውቅ የችጋር ምግብ ነው ማለታችን ያሳዝነኛል።

አደጋው ያለው ሌላ ቦታ ነው። በ2012 ዓ.ም. አገራችንን እንደ ወረረው ያለ የበረሃ አንበጣ በፀረ ተባይ ኬሚካል ስለሚረጭ፣ ከመንጋው ለቅሞ መብላትም ሆነ ለዶሮ መስጠት ፈጽሞ አይገባም። ሽሪምፕና ሸርጣን የመሳሰሉ የባሕር እንስሳት አለርጂ የሚቀሰቅሱበት ሰውም ነፍሳት ሊቀሰቅሱበት ይችላሉ፤ የፕሮቲናቸው ጠባይ ተቀራራቢ ነውና።

ንብ አናቢ (ባንጃ)

እኛ ነፍሳት አንበላም የሚለው አባባል ሙሉ በሙሉ ትክክል አይመስለኝም። ማር በሚቆረጥበት ጊዜ ነጭ እጭ የቋጠረ እንጀራ ሲገኝ ከነእጩ የሚያኝኩ ሰዎችን በልጅነቴ አይቻለሁ፤ ጣዕሙ ወተት ወተት ይላል ይሉ ነበር። ሆኖም እጩ የነገዋ ንብ ስለሆነ ለምግብ ብሎ መቁረጥ መንጋውን ያዳክማል።

የእንስሳት መኖ ባለሙያ (ባሕር ዳር)

ወይዘሮ፣ ለእርስዎ ሥራ የሚበጀው ጥቁር ወታደር ዝንብ የሚባለው ነው። በቤታችን ከምናውቀው ዝንብ ጋር ስሙ እንጂ ጠባዩ አይገናኝም፤ ክንፍ ካወጣ በኋላ ለጥቂት ቀናት ብቻ የሚኖር፣ ምግብ ፍለጋ ወደ ማዕድ የማይመጣ ፍጥረት ነው። ምግብ የሚበላው እጩ ነው፤ አበላሉም የሚያስደንቅ ነው። የጠላ አተላ፣ የገበያ አትክልት ተራፊና የፍራፍሬ ልጣጭ ሰፋ ባለ ገንዳ ውስጥ ስስ አድርገው ቢያነጥፉለት፣ በሁለት ሳምንት ገደማ ውስጥ ከጤፍ ቅንጣት ያነሰው እጭ የጣት አንጓ ያህል ይሆናል። ሲደርስ ቀለሙ ይጠቁርና ደረቅ ቦታ ፍለጋ ራሱ ከገንዳው ይወጣል፤ በገንዳው ጠርዝ ላይ ዘንበል ያለ መውጫ ከሠሩለት ከታች ባስቀመጡት ባልዲ ውስጥ ይጠራቀማል። ደርቆ ሲመዘን ከክብደቱ 40 በመቶ ያህሉ ፕሮቲን ነው፤ የተረፈውም ብስባሽ ለጓሮ ጎመን ማዳበሪያ ይሆናል።

በገንዳው የሚገባውን ነገር ግን ይምረጡ። እጩ እንደ ካድሚየም ያሉ ከባድ ብረቶችን በሰውነቱ ስለሚያከማች ከጋራዥና ከቆሻሻ መጣያ የመጣ ነገር አይጨምሩበት። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2021 የነፍሳት ፕሮቲን ለዶሮና ለአሳማ መኖነት እንዲውል ሲፈቅድ እንኳ፣ ነፍሳቱን በፋንድያና በምግብ ቤት ትራፊ መመገብ እንደተከለከለ ቀጥሏል፤ እኔም ይህን ጥንቃቄ እደግፋለሁ። እጩን በፈላ ውኃ ለጥቂት ደቂቃ ነክረው ካወጡ በኋላ በፀሐይ ያድርቁት። ከአኩሪ አተሩ ድርሻ ላይ ቀስ በቀስ እየተኩ የእንቁላሉን ቁጥር ይከታተሉ እንጂ በአንድ ጊዜ ሁሉንም አይለውጡ።

ዶሮ አርቢዋ (ፍኖተ ሰላም)

የኔታ፣ እርስዎም ሌሎቻችሁም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አተላ በሰፈራችን ሞልቷል፤ ጠላ የሚጠምቁት ጎረቤቶቼም እንደሚሰጡኝ እርግጠኛ ነኝ። የሚያሳስበኝ የክረምቱ ብርድ ነው። ዝንቡ ይችለዋል?

የእንስሳት መኖ ባለሙያ (ባሕር ዳር)

የሚስማማው ሙቀት ከ27 እስከ 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው። እንደ ደብረ ማርቆስ ባለ ደጋ ያለ ማሞቂያ ማርባት ይከብዳል፤ እርስዎ ወይና ደጋ ላይ ስለሆኑ ይሻልዎታል። እጩ በብዛት ተሰብስቦ ሲበላ ገንዳው ራሱ ይሞቃል፤ ብርድ የሚጎዳው በዋናነት የዝንቡን መራባትና የእንቁላሉን መፈልፈል ነው። ስለዚህ ማራቢያውን ፀሐይ በሚያስገባ ፕላስቲክ ሸፍነው በበጋ ይጀምሩና፣ ለክረምት የሚሆነውን እጭ በግንቦት አድርቀው ያከማቹ።