ለጋሼ ቤት ባቡር የኋላ ሥዕል፦ የጋራ ዕቅዳችን ረቂቅ

ጸሐፊዋ፦ ጤና ይስጥልኝ። ጋሼ ሳሎን ውስጥ ለምንሠራት ትንሿ የሞዴል ባቡራችን፣ ከኋላዋ ለሚቆመው የድሬዳዋ ሥዕል ረቂቁ ይኸው፤ እየቆረጣችሁም እየቀጠላችሁም አስተካክሉት። የሳሎኑ ግድግዳ 4 ሜትር ነው፤ በስተግራ ጥጉን ይዞ 1 ሜትር ተኩል ይታጠፋል። ተመልካቹ ከሰሜን ቆሞ ወደ ደቡብ እንዲያይ እናድርግ። ከፊቱ ባቡር ጣቢያው ለገሃር፣ ከዚያ ወዲያ ከዚራ ሰፈር፣ በስተግራ ደቻቱ ወንዝና መጋላ ሰፈር፣ ከሁሉም ኋላ ወደ ሐረር የሚያወጡት ተራሮች። ሌላው ቢቀር ተራሮቹ አይቀሩም። ባቡሩ መጀመሪያ የታሰበው ለሐረር ነበር። ዳገቱ ስለከበደ በ1895 ዓ.ም. እዚህ ሜዳ ላይ ደረሰ፣ ድሬም ተቆረቆረች።

ተማሪው፦ አቦ፣ ለምን እንለፋለን? አሪፍ ፎቶ አንስተን በባነር እናሳትም። በአንድ ቀን ያልቃል።

ሠዓሊዋ፦ ባነር ያብረቀርቃል። መብራት ሲያርፍበት ሰማዩ ላይ አምፖሉ ይታያል። በዚያ ላይ ፎቶ የራሱን ፀሐይና ጥላ ይዞ ነው የሚመጣው፤ ከእኛ መብራት ጋር አይስማማም። እኔ የምለው በማያብረቀርቅ የውሃ ቀለም እንቀባ። የድሬ ሰማይ እኩለ ቀን ላይ ሰማያዊነቱ ወደ ላይ ነው፤ ወደ ታች ሲወርድ አቧራው ነጣ ያደርገዋል። ስለዚህ ሁለት ሰው ያስፈልጋል፦ አንዱ ከላይ ሰማያዊውን፣ ሌላው ከታች ነጣ ያለውን ይዞ መሃል ላይ እርጥቡን ያገናኙት። በዚህ ሙቀት ቀለሙ ሮለሩ ላይ ሳይቀር ይደርቃል፤ ከሌሊቱ 11 ሰዓት እንጀምር። ከተረፈው የሰማይ ቀለም ለተራራው ቀለም እንጨምርበታለን። ለሩቁ ብዙ፣ ለቅርቡ ትንሽ። ያኔ ተራራው ራሱ ወደ ኋላ ይሸሻል። የግራር ቅጠል አንድ በአንድ ልሳል የሚል ካለ ብሩሹን እቀማዋለሁ። ሥዕሉ ሲደምቅ ባቡሩን ማን ያየዋል?

አናጢው፦ ጥጉ ቀጥ ብሎ ከቀረ ሰማዩ መሃል ጥቁር መስመር ይወጣል። 3 ሚሊ ሜትር ኮምፔንሳቶ አጉብጠን እናዙረው። መጋጠሚያው ላይ የጨርቅ ጥብጣብ ለጥፈን ስቱኮ፣ ከዚያ ብርጭቆ ወረቀት። እንዲያም ሆኖ ከጊዜ በኋላ ሊሰነጠቅ ይችላል። ስለዚህ መጋጠሚያው ከረጅም ሕንፃ ኋላ ይዋል።

ጋሼ፦ ልጆች፣ ግድግዳዬን በምስማር እንዳትበሱት።

አናጢው፦ የለም ጋሼ፣ በራሱ የእንጨት ፍሬም ነው የሚቆመው። ሲፈልጉ ይነሳል።

ተማሪው፦ እሺ ባነሩ ይቅር። ግን ደቻቱን ሞልቶ ብንስለውስ? ደረቅ አሸዋ ምን ያምራል?

ጋሼ፦ ተው ልጄ። በ1998 ሐምሌ መጨረሻ ሌሊት የመጣውን ጎርፍ አታስታውስም፤ ሕፃን ነበርክ። እዚህ ቤት ከሚመጣው መሃል ዘመዱን የቀበረ አለ። አሸዋው ይበቃል።

ሠዓሊዋ፦ አሸዋውም ቀላል አይደለም። ደቻቱ ከተራራው ወደ ተመልካቹ ነው የሚወርደው። ጠረጴዛው ላይ እውነተኛ አሸዋ አፍስሰን ግድግዳው ላይ በቀለም ብንቀጥለው፣ ሰው ሁለት እርምጃ ወደ ጎን ሲል ወንዙ የተሰበረ ይመስላል። ግድግዳው ጋ ሳይደርስ እናጥፈውና መታጠፊያውን በግራርና በግንብ አጥር እንሸፍነው። የከዚራ መንገድም ለገሃር ሕንፃ ኋላ ይጥፋ።

ተማሪው፦ አዲሱ ባቡርስ?

ጋሼ፦ የእኛ የሸመንደፈር፣ የድሮው ባቡር ዘመን ነው፤ የሐዲዱ ስፋት 1 ሜትር። በ1 ለ87 ሲቀነስ 12 ሚሊ ሜትር ገደማ ያሰኛል። አዲሱ የ1,435 ሚሊ ሜትር ነው፤ ጣቢያውም ከከተማ ውጭ። አይግባ።

ጸሐፊዋ፦ ሁሉንም ጨምሬያለሁ። የሥራው ቅደም ተከተል ፍሬም፣ ስቱኮ፣ ሰማይ፣ ተራራ፣ ከዚያ ሐዲድ። መብራቱን መጨረሻ ላይ አስገብቼዋለሁ።

ሠዓሊዋ፦ መብራቱ ይቅደም። ቀለሙን በረንዳ ላይ በፀሐይ ደባልቀን ሳሎን በኤልኢዲ ብናየው ሌላ ቀለም ሆኖ ይጠብቀናል።

ጸሐፊዋ፦ ተስተካክሏል። ቅዳሜ ሌሊት እንጀምር?

ጋሼ፦ ቅዳሜ እንግዳ አለብኝ። እሑድ ኑ፤ ግን በሩን ቀስ ብላችሁ አንኳኩ፣ ጎረቤት ተኝቷል።