ኢኑያሻ፦ የስባሪ ፍለጋው እየተደጋገመ ሰው 167 ክፍል የሚያየው ምኑን ብሎ ነው?

ጠያቂ፦ ሰገባ_አልባ

«ኢኑያሻ» የጃፓን አኒሜ ነው፤ ግማሽ ዮካይ (አጋንንት መሰል ፍጡር) የሆነው ኢኑያሻና ካጎሜ የተባለች ልጅ የተሰባበረውን የሺኮን ዕንቁ ስባሪዎች ይለቅማሉ። ፍለጋው እስከ ክፍል 40 ድረስ ያው ነው። መንደር ይደርሳሉ፣ አንድ ዮካይ ሕዝቡን ያስጨንቃል፣ ካጎሜ ስባሪው የቱ ጋ እንደተቀበረ ታያለች፣ ኢኑያሻ ይቆርጣል፣ መንገድ ይቀጥላል። ስንት ስባሪ እንደቀረ እንኳ አይነገረንም። ፍለጋው እንዲህ ከደከመ ተመልካቹን ምን ይዞት ነው የሚቀጥለው? ሁሉንም ለማየት ትዕግሥት የሌለው ሰውስ የቱን ቢዘል አይጎዳም?

መልስ 1፦ ክራንቻ

ስባሪ መቁጠሩን ተውና የኢኑያሻን ሰይፍ፣ ቴሳይጋን ተከተል። በእንግሊዝኛው ትርጉም ቴትሱሳይጋ የሚሉትም ቴሳይጋም አንድ ነው፤ ሁለት ሰይፍ እንዳይመስልህ።

በብዙ የጎራዴ አኒሜ ጀግናው ሰይፉን አንዴ ካገኘ በቃ፤ ከዚያ ወዲያ የሚጠነክረው ክንዱ ነው። እዚህ ሰይፉ ራሱ ይሰበራል፣ ይጠገናል፣ ይከብዳል፣ ቀለሙን ይቀይራል። አንጥረኛው ቶቶሳይ የሠራው ከኢኑያሻ አባት (ኃያል ዮካይ) ክራንቻ ነው። መቃብሩ ውስጥ ሲያገኙት የዛገ አሮጌ ጎራዴ ነው። የኢኑያሻ ታላቅ ወንድም ሰሾማሩ ሊይዘው ሲል እጁን ያቃጥለዋል፣ ኢኑያሻ ቢጎትተው ንቅንቅ አይልም፣ ካጎሜ ግን ሳታስበው ትነቅለዋለች። ኢኑያሻ እጅ ከገባ በኋላም ወዲያው አይለወጥም፤ ክፍል 7 ላይ እሷን እጠብቃለሁ ብሎ ሲነሳ ነው ያ ትልቁ ክራንቻ የሚወጣው። አባትየው ሰው የሆነችውን ሚስቱን ለመጠበቅ ያሠራው ስለሆነ ሰውን ለሚንቅ አይታዘዝም።

ዋናው ማጠፊያ ክፍል 43 ነው። የታሪኩ ዋና ጠላት ናራኩ ያወጣው ፍጡር ጎሺንኪ ሰይፉን ነክሶ ይሰብረዋል። ቶቶሳይ ሲጠግነው ማያያዣ ያደረገው የኢኑያሻን የራሱን ክራንቻ ነው፤ ሰይፉ ተጠግኖ ሲመለስ ግን ባለቤቱ በቅጡ ማንሳት ያቅተዋል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ እስከዚያ ድረስ ክብደቱን የሚሸከምለት የአባቱ ክራንቻ ነበር፣ አሁን ግን ሸክሙ ወደ ልጁ ዞረ። ክፍል 53 እና 54 ላይ የአባቱን የድሮ ጠላት ሪዩኮትሱሴይን ሊገጥም የሚሄደው ይህን ክብደት ለማቅለል ነው፤ ባኩሪዩሀን የሚማረውም እዚያው ነው። ይህ ምት የተቃራኒውን ኃይል ከካዜ ኖ ኪዙ (የቴሳይጋ ዋና ምት) ጋር ጠቅልሎ መልሶ ይደፋበታል። ስለዚህ ጠላት ኃይሉን ካልለቀቀ አይሠራም። በኋላ ብዙ ፍልሚያ ላይ «ለምን አይጠቀምበትም?» ብለህ ስትናደድ ይህን አስታውስ።

ሌላም አለ። ከሰይፉ ተለይቶ ሞት አፋፍ ሲደርስ የዮካይ ደሙ ይነሳበትና ወዳጅ ከጠላት መለየት ያቅተዋል። ልጓሙም ያው ሰይፍ ነው ማለት ነው።

መልስ 2፦ የጨረቃ_አልባ_ሌሊት

ክራንቻ የዘለለው ነገር፦ ቴሳይጋን የሰበሩት የጎሺንኪ ጥርሶች ራሳቸው ሰይፍ ሆኑ። ቶቶሳይ ያባረረው ደቀ መዝሙሩ ካይጂንቦ ቶኪጂን የተባለውን ሰይፍ የሠራው ከእነሱ ነው፤ የሰይፉ ክፋት ሠሪውን ይቆጣጠረዋል፣ በመጨረሻ የሚያነሳውና የሚገዛው ሰሾማሩ ነው (ክፍል 44 እና 45)። ደራሲዋ ታካሃሺ ጥርስ እንኳ አታባክንም።

ለእኔ ግን ከሁሉ የሚበልጠው ቴንሴይጋ ነው። አባትየው ለታላቅየው ልጅ፣ መግደል ለሚወደው፣ የማይቆርጥ ሰይፍ አወረሰው! ሕያው አካል አይጎዳም፤ የሙታን መልእክተኞችን ቆርጦ የሞተን ሰው ያስነሳል፣ ያውም ለአንድ ሰው አንዴ ብቻ። ሰሾማሩ እንደ ስድብ ነው የቆጠረው። ተኩላዎች የገደሏትን ሪንን እስኪያስነሳ ድረስ ወገቡ ላይ ይዞት የሚዞረው እንደ ሸክም ነው። ወንድማማቾቹ የሚጣሉት በውርስ ነው፤ ይህን የማያውቅ ቤተሰብ የት አለ?

መልስ 3፦ ቅጽ_36

ሰይፉ ላይ እስማማለሁ፣ ግን ጠያቂው የተሰላቸው ያለ ምክንያት አይደለም። አኒሜው እ.ኤ.አ. ከ2000 እስከ 2004 ሲተላለፍ ማንጋው (አኒሜው የተወሰደበት ሥዕላዊ መጽሐፍ) ገና እየተጻፈ ነበር (ከ1996 እስከ 2008፣ 56 ቅጽ)። ስለዚህ ናራኩ መሞት አይችልም። በተያዘ ቁጥር በመርዝ ጭስ ተሸፍኖ ይበራል፣ ከሥጋው አዲስ ፍጡር አውጥቶ ይልካል። አሥረኛው ማምለጥ ላይ ትዕግሥትህ ቢያልቅ ጥፋቱ ያንተ አይደለም።

ስለ መዝለሉ እንዲህ አድርግ። እስከ 54 ሳትዘል እይ። ከዚያ 73 እና 74 እንዳያመልጡህ፤ ቴሳይጋ ቀይ ሆኖ ምትሃታዊ መከለያ መስበር የሚጀምረው እዚያ ነው፣ ካላየኸው የናራኩ መከለያ በኋላ እንዴት እንደተሰበረ ግራ ይገባሃል። ከ102 እስከ 124 አካባቢ ያለውን የሰባቱን ቅጥረኞች ታሪክም እይ፤ ከፍለጋው ሁሉ የተሻለው እሱ ነው፣ የመሪያቸው የባንኮትሱ ሰይፍ ባንሪዩ ከቴሳይጋ ጋር ሲጋጭ ክብደቱ ይሰማሃል። ከዚያ በኋላ እስከ 140 ባለው መካከል ግን አኒሜው ማንጋውን ሲጠብቅ የሞላቸው ክፍሎች ይበዛሉ። የክፍሉን መግለጫ አንብበህ ናራኩም ሰሾማሩም ኪክዮም (የኢኑያሻ የቀድሞ ፍቅር) ከሌሉበት እለፈው።

መደምደሚያው ተቃራኒ ችግር አለበት። ከ2009 እስከ 2010 የወጣው ተከታይ 20 ያህል ቅጽ በ26 ክፍል ጨረሰ። ከናራኩ ሥጋ የወጣችው ካጉራ የምትሞተው ሁለተኛው ክፍል ላይ ነው፤ ለማዘን ፋታ አይሰጥህም። እዚህ ጋ ከቅጽ 36 ጀምሮ ማንጋውን አንብብ። በተለይ ሜይዶ ዛንጌትሱሀ የተባለው ምት ከቴንሴይጋ ወደ ቴሳይጋ የሚተላለፍበት ቦታ በማንጋው ነው በደንብ የሚተነፍሰው።

ሰገባ_አልባ

ፊልሞቹስ? አራት ናቸው መሰለኝ።

ቅጽ_36

አራት ናቸው፣ ከ2001 እስከ 2004 በየዓመቱ አንድ። ማንጋው ውስጥ የሉም፤ ባታያቸው የሚጎድልህ ነገር የለም። ለሰይፉ ብለህ ከሆነ የ2003ቱን ምረጥ፤ የአባትየው ሦስተኛ ሰይፍ ሶኡንጋ የሚመጣው እዚያ ነው። ግን ከክፍል 54 በፊት አትክፈተው፣ ባኩሪዩሀን እንደምታውቅ ቆጥሮ ነው የሚጀምረው።